ሰርቨር ስንት ያወጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ሲሰላ

ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ይሰበሰባል፣ ዝቅ ያለው ይመረጣል፣ ሰርቨር፣ ማለትም የቢሮውን ፋይልና ፕሮግራም ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያጋራው ዋና ማሽን፣ ተገዛ ይባላል። ደሴ ፒያሳ ያለ አከፋፋይም ይሁን ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው አስመጪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማሽኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። መጠየቁ ክፋት የለውም፤ ግን የማሽኑ ዋጋ የሚከፈለው አንዴ ነው። ላይሰንሱ (የፕሮግራም መጠቀሚያ ፈቃዱ) በሰው ይቆጥራል፣ መብራቱ በሰዓት ይቆጥራል፣ ክላውዱ (በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) በዶላር ይቆጥራል፣ ከአዲስ አበባ የሚጠራው ባለሙያ ደግሞ በአበልና በትራንስፖርት። እነዚህ ለአምስት ዓመት ሲደመሩ ርካሽ የተባለው ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስሌቱ ከ5 እስከ 30 ኮምፒውተር ላለው ድርጅት ነው። አንድ ዶላር 150 ብር ብዬ ይዣለሁ፤ እናንተ የዕለቱን ምንዛሪ ተኩበት። ቫት አልገባም፣ 15 በመቶ ጨምሩ።

መጀመሪያ፣ ሰርቨር ያስፈልጋችኋል?

ስድስት ሰባት ሰው ያለበት ቢሮ፣ አንድ ፕሪንተር፣ የሚጋሩት ፋይልና ሒሳብ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 11 ፕሮ የተጫነበት አንድ ጥሩ ኮምፒውተር እስከ 20 መሣሪያ ድረስ ፋይል ማጋራት ይፈቀድለታል። የዊንዶውስ 11 ፕሮ ዝርዝር ዋጋ 199 ዶላር ነው፣ 29,850 ብር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ዲስክ፣ ከሥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ)፣ ፊት ለፊቱ ማንም የማይቀመጥበት ጥግ። በቃ። ሻጩ «ድርጅታችሁ እያደገ ነው» ብሎ ሰርቨር ቢያቀርብ እድገቱን ጠብቁት፤ ማሽን እንደሆነ ከዓመት ዓመት ይሻሻላል እንጂ አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ፣ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷልና የጋራ ፋይል የሚቀመጥበትን ማሽን እሱ ላይ አታቆዩት።

ምርጫውን የሚወስነው ፒችትሪ ነው

ነጻ ስለሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት ስለ ሊኑክስና ስለ ዊንዶውስ ከመከራከር በፊት የሒሳብ ክፍሉን በር ማንኳኳት ይሻላል። እዚያ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ካለ፣ አብዛኛው ቦታ ደግሞ አለ፣ ግማሹ ክርክር ያለቀ ነው። ፒችትሪ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሞተር ሲሆን ሞተሩ መረጃው ባለበት ዊንዶውስ ላይ መነሳት አለበት። መረጃውን ሊኑክስ ላይ ወይም በኔትወርክ የሚገናኝ የዲስክ ሳጥን ላይ አስቀምጦ ከዊንዶውስ መክፈት ለጥቂት ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ሁለት ሰው እኩል ፖስት ሲያደርግ ግን ጣጣው ይመጣል።

ከዚህ የባሰው ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ነው። ዋናው ቢሮ ኮምቦልቻ፣ ሱቁ ደሴ ወይም ወልዲያ። መስመር ተዘርግቶ የደሴው ሒሳብ ሠራተኛ የኮምቦልቻውን ፎልደር በቀጥታ እንዲከፍት ይደረጋል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ በኔትወርኩ ላይ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ቢሮ ውስጥ ባለ ኬብል የማይታወቅ መዘግየት በርቀት መስመር ላይ ደቂቃ ይሆናል። መሐል ላይ ኮኔክሽን ሲቆረጥ ደግሞ ግማሹ የተጻፈ መዝገብ ይቀራል፣ ኢንዴክሱ ይበላሻል። መፍትሔው ፕሮግራሙም መረጃውም አንድ ማሽን ላይ ሆነው ቅርንጫፉ በርቀት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ነው። መስመሩ ቢቆረጥ ሥራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ይህ ግን የራሱ ላይሰንስ አለው፣ ወጪውም የሚያድገው ከዚህ ጀምሮ ነው።

የዊንዶውስ ሰርቨር ሁለት ሒሳብ

የመጀመሪያው የማሽኑ ላይሰንስ ነው። የሚቆጠረው በፕሮሰሰር ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት የማስሊያ ክፍሎች) ሲሆን ማሽኑ 4 ኮር ብቻ ቢኖረውም ትንሹ ክፍያ የ16 ኮር ነው። የ2025 ስታንዳርድ እትም ዝርዝር ዋጋ ለ16 ኮር 1,176 ዶላር፣ በብር 176,400 ነው። በዚህ ላይሰንስ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንዱ ሳጥን ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሥርዓት፣ ማስነሳት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 24 ወይም 32 ኮር ያለው ማሽን በቅናሽ አግኝቶ ቨርቹዋል ማሽኑን በ4 ኮር አስነሥቶ ያዳነ ሲመስለው ነው። ላይሰንሱ የሚቆጥረው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ኮር በሙሉ ነው፤ 32 ኮር ከሆነ 352,800 ብር። ለ20 ሰው ቢሮ 6 ወይም 8 ፈጣን ኮር ያለው አንድ ፕሮሰሰር ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሁለተኛው ካል የሚባለው የተጠቃሚ ላይሰንስ ነው፤ ፕሮፎርማ ላይ የሚጠፋውም እሱ ነው። ከሰርቨሩ ፋይል የሚከፍት፣ በሰርቨሩ በኩል የሚያትም ሁሉ ካል ያስፈልገዋል። ለአንዱ 45 ዶላር ብንይዝ ለ20 ሰው 900 ዶላር፣ 135,000 ብር ይመጣል። ከማሽኑ ላይሰንስ ጋር 311,400 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ሃርድዌሩ ገና አልተጠራም።

ካል በሰው ወይም በመሣሪያ ይገዛል። ኮምቦልቻ ላይ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ አስቡ፦ 60 ሰው በተራ በ20 ኮምፒውተር ይሠራል። በሰው ከተገዛ 60 ካል 405,000 ብር፣ በመሣሪያ ከተገዛ 20 ካል 135,000 ብር። ሥራው አንድ ነው፣ ልዩነቱ 270,000 ብር። በተቃራኒው አንድ ሥራ አስኪያጅ ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፕና ታብሌት ይዞ የሚዞርበት ቢሮ በሰው ቢገዛ ይሻለዋል።

የርቀት ዴስክቶፕ ደግሞ በዚህ ላይ የሚደረብ ሌላ ካል አለው፣ ዋጋውም ከተራው ካል ጥቂት ዕጥፍ ነው። ሳይገዛ ሲጫን 120 ቀን ዝም ይላል። ሁሉም ሰላም ነው ተብሎ የመጨረሻው ክፍያ ለጫኚው ከተለቀቀ በኋላ፣ በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ቅርንጫፉ «ሲስተም የለም» ብሎ ይደውላል። የሙከራ እትም የተጫነበትም እንዲሁ ነው፦ 180 ቀን ይሠራል፣ ከዚያ በየአንድ ሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ሰርቨራችሁ በየሰዓቱ እየጠፋ ከሆነ መብራቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት እሱን እዩ። ክራክ የሚባለውን መንገድ አላነሳም፤ ሰርቨር ላይ ያልታወቀ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ማስነሳት የሒሳቡን ቁልፍ መንገድ ላይ መጣል ነው።

ሻጮች እምብዛም የማይጠቅሱት አንድ እትም አለ፣ ኤሴንሺያልስ። ለ25 ሰውና ለ50 መሣሪያ ካል አይጠይቅም። አንድ ፕሮሰሰርና እስከ 10 ኮር ብቻ ይቀበላል፣ የሚገኘውም በማሽን አምራቾች በኩል ከአዲስ ሰርቨር ጋር ነው። የርቀት ዴስክቶፕ ሰርቨር ለማድረግ አትምረጡት፤ ለአንድ ቢሮ ፋይልና የተጠቃሚ ቁጥጥር ግን በ20 ሰው ላይ 135,000 ብር ያስቀራል። ፕሮፎርማ ስትጠይቁ በስሙ ጠይቁ።

ነጻው መንገድ፣ ነጻ ያልሆነው ክፍሉ

እኔ ለአብዛኛው የወሎ ድርጅት የምመርጠው ይህን ነው፦ ፕሮክስሞክስ ማሽኑ ላይ፣ በላዩ አንድ ዊንዶውስ ለፒችትሪ፣ አንድ ሊኑክስ ለፋይልና ለሌላው ሁሉ። ፕሮክስሞክስ አንዱን ማሽን ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያካፍል፣ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ያለ ላይሰንስ ክፍያ የሚጫን ነው፤ ድጋፍ የፈለገ በፕሮሰሰር ቁጥር ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል። በሊኑክስ ላይ ሳምባ በሚባለው ነጻ የፋይል ማጋሪያ የሚጋራ ፋይል ካል የለውም፣ 20 ሰውም 200 ሰውም ገባ ዜሮ ብር ነው። ቅርንጫፍ ለሌለው ቢሮ ዊንዶውሱ 11 ፕሮ ቢሆን ይበቃል፤ የላይሰንስ ወጪው ከ311,400 ብር ወደ 29,850 ወረደ ማለት ነው። ቅርንጫፍ ካለ ግን ዊንዶውስ 11 በርቀት በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ያኔ ዊንዶውስ ሰርቨር ተገዝቶ ካሉ የሚገዛው ለሚገቡት አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ይሆናል። የፋይል ተጠቃሚው በሊኑክስ በኩል ስለሚሄድ አይቆጠርም።

ተከላው ላይ ሰው የሚያቆሙ ሦስት ነገሮች አሉ። ዊንዶውስ ሲጫን «ዲስክ የለም» ይላል፤ ቪርትአይኦ የሚባለው የድራይቨር ምስል እንደ ሁለተኛ ሲዲ ተያይዞ ድራይቨሩ ከእሱ ሲጫን ዲስኩ ይታያል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ሲፈጠር ዩኢኤፍአይና ቨርቹዋል ቲፒኤም መምረጥ ነው። ሦስተኛው፣ ፕሮክስሞክሱ ሲታደስ ስህተት የሚያወጣው ማሻሻያውን ከሚከፈልበት ማከማቻ ስለሚፈልግ ነው፤ ወደ ነጻው ማከማቻ ሲቀየር ያልቃል። ይህን ለሚያውቅ ዕዳው ገብስ ነው።

ችግሩ የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ደሴ ላይ ዊንዶውስ የሚጠግን ሰው ለማግኘት ሁለት ስልክ ይበቃል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ከልቡ የሚያውቅ ግን መፈለግ ያስፈልጋል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲና ከኮሌጆቹ የሚወጡ ልጆች አሉ፣ መሠረቱን ያውቃሉ። የተረፈውን 280,000 ብር ያህል ገንዘብ እንደ ትርፍ አትቁጠሩት፤ የተወሰነው ለሥልጠናና በወር አንዴ ሰርቨሩን ለሚፈትሽ ሰው ይሁን። ካልሆነ ነጻው መንገድ የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። ለሒሳብ የተቀጠረን ሰው ሊኑክስ እንዲጠብቅ ማድረግም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው ቪኤምዌር ድሮ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከገዛው በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘላለም የሚያገለግለው ላይሰንስ ቀርቶ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ተዛውሯል። ለትንሽ ድርጅት ዛሬ አልመክርም።

ክላውድና ዶላር

ክላውድ ማሽን አያስገዛም፣ ዩፒኤስ አያስገዛም፣ ሲያዩት ቀላል ነው። ቁጥሩን እንየው። በአማዞን፣ ዋጋው ከዝቅተኞቹ በሆነው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ 4 ቨርቹዋል ኮርና 16 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ኤም5 ኤክስላርጅ የሚባለው ማሽን በሊኑክስ በሰዓት 0.192 ዶላር ነው። ወሩን ሙሉ ሲበራ ወደ 140 ዶላር፤ በአምስት ዓመት 8,400 ዶላር፣ 1,260,000 ብር። ዊንዶውስ ሲሆን በሰዓት 0.376 ዶላር ነው፣ አምስት ዓመቱ ወደ 2,470,000 ብር ይጠጋል። 500 ጊጋ ዲስክ በወር 40 ዶላር ሲጨመር ሌላ 360,000 ብር። ለሦስት ዓመት ቃል ገብቶ አስቀድሞ የሚከፍል ብዙ ይቀነስለታል፤ ዋናው ጥያቄ ዶላሩን ለመክፈል በየወሩ የሚሠራ ካርድ አለ ወይ ነው። አፍሪካ ውስጥ ያለው የኬፕታውኑ ማዕከል ደግሞ ከቨርጂኒያ ይወደዳል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በ57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ 140 ዶላር 7,980 ብር ነበር፤ በ150 ሲሰላ 21,000 ብር ነው። ማሽኑ አልተለወጠም፣ ሥራው አልጨመረም። ቢሮ ውስጥ የተገዛ ሰርቨር እንዲህ አያደርግም፤ አንዴ በተገዛበት ብር ይቀራል።

አገር ውስጥ በብር የሚከፈል አማራጭ አለ፦ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ፣ ደግሞም በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ ያሉት እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ማዕከሎች። ዋጋ ስትጠይቁ ፕሮሰሰርና ሜሞሪውን ብቻ አትጠይቁ፤ ባክአፑ፣ ቋሚ አይፒው፣ የዊንዶውሱ ላይሰንስ ተካቷል ወይ በሉ። የደንበኛ የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ወደ ውጭ ስለማስተላለፍ ደንብ እንዳለው ይወቅ።

ለወሎ ቢሮ ክላውድን የማየው ለኢሜል፣ ለድረ ገጽና ለባክአፕ ነው። የዕለት ሽያጩን በሙሉ እዚያ ያደረገ ሱቅ ፋይበር በተቆረጠ ቁጥር ደንበኛ ፊት እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

መብራት፣ ባትሪ፣ ከፍታ

150 ዋት የሚበላ አዲስ ሰርቨር በዓመት 1,314 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ባለሁለት ፕሮሰሰር አሮጌው 250 ዋት ሲበላ 2,190። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ስለተደረገ የዛሬውን ዋጋ ለአምስት ዓመት ማባዛት አያዋጣም።

የሚከብደው ሲበራ ሳይሆን ሲጠፋ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው 1,500 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው፣ ድምሩ 216 ዋት ሰዓት። 150 ዋት ጭነት ላይ አዲስ ሳለ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ከሁለት ዓመት በኋላ አምስት ደቂቃ ከያዘ ጥሩ ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ ሥራው ሰርቨሩን ለማቆየት ሳይሆን በሥርዓት ለማጥፋት ነው። የዩኤስቢ ኬብሉ ከሰርቨሩ ጋር ይያያዝ፤ አብዛኛው ቦታ ካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። ነጻ የሆነው ኤንዩቲ ፕሮግራም ባትሪው 50 በመቶ ሲደርስ ቨርቹዋል ማሽኖቹን፣ ከዚያ ዋናውን እንዲያጠፋ ይታዘዝ። 10 በመቶ ላይ ማዘዝ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ሊጠፋ ሲል ማሻሻያ ልጫን ካለ ባትሪው ቀድሞ ያልቃል።

ቀኑን ሙሉ መሥራት ለሚፈልግ ኢንቨርተርና 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከጄኔሬተር ይረክሳል። ባለ 12 ቮልቱ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ 150 ዋቱን ሰባት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ይሸከማል። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ይሁን። ለቲቪና ለአምፖል የሚሸጠው ርካሹ ላይ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ይጮኻል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ከፍታው ቁጥር አለው። ብዙ ሰርቨር እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይችላል ተብሎ የሚጻፍለት እስከ 900 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፣ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ ስለማይወስድ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ጣሪያው 30 ዲግሪ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ 32 ዲግሪ። ደሴ ብርዱ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፣ ጥላ ያለበት ክፍልና የአየር ማውጫ ይበቃል። ኮምቦልቻ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ዝግ ክፍል ከሰዓት በኋላ 32ን ያልፋል፤ እዚያ ኤሲ የወጪው አካል ነው። ዱቄት ፋብሪካና ጨርቃጨርቅ አጠገብ ደግሞ ፋኑን በየሦስት ወሩ መንፋት።

ያገለገለ ሰርቨር

ዋጋው ያጓጓል፣ አንዳንዴም ያዋጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያሠራውን የሬይድ ካርድ ባትሪ አስፈትሹ። ሲሞት ካርዱ ለጥንቃቄ ብሎ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ ይጀምራል፤ ሰርቨሩ ይሠራል ግን ይንቀራፈፋል፣ ጥፋቱም በኔትወርኩ ይሳበባል። የኤችፒ ፕሮላይያንት ከሆነ ሙሉው የፈርምዌር ማሻሻያ ጥቅል ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ለሌለው አይለቀቅም። የራሱ ያልሆነ ዲስክ ሲገባበት ፋኑ እስከ ላይ የሚያገሳ ሞዴልም አለ፤ ሱቅ ውስጥ አስነሥታችሁ አድምጡ። የዲስክ መያዣ ትሪው መኖሩንም ቁጠሩ፣ ለብቻው ይሸጣል።

ሦስተኛው ቅጂ የት ይሁን?

አንድ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ፣ አንድ ሌላ ክፍል ባለ ዲስክ ላይ፣ አንድ ሌላ ከተማ። ወሎ ላይ ሌላ ከተማ ሲባል ኮምቦልቻ ላለ ደሴ፣ ደሴ ላለ ኮምቦልቻ ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ በጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት፤ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ቅጂ ለእንዲህ ያለ ጊዜ አይሆንም። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ይሁን።

በመስመር ሲላክ መጠኑን አስሉ። በቀን 2 ጊጋ የሚለወጥ መረጃ በ5 ሜጋቢት መስቀያ 53 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሌሊት ያልቃል። የመጀመሪያው 300 ጊጋ ግን በዚያው ፍጥነት አምስት ቀን ተኩል ሳይቋረጥ መላክ ነው፤ እሱን በዲስክ ገልብጦ በሰው እጅ መላክ ይሻላል። የፒችትሪው መረጃ ሰዎች ከፍተውት እያለ ከተገለበጠ ቅጂው ላይከፈት ይችላል። ሌሊት ሁሉም ይውጣ፣ የፐርቫሲቭ ሞተር ይቁም፣ ይገልበጥ፣ ይነሳ። በሩብ ዓመት አንዴ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ማመሳከር ከወጪ አይቆጠርም።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ እንግዲህ የኮሩን ቁጥር፣ የካሉን ዓይነትና ብዛት፣ የዲስኩን ሞዴል በፊደል አስጽፉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስ፣ ለሰርቨር የተሠራው ይሁን። ዩፒኤሱና ባትሪው፣ ተከላው፣ ስልጠናው በየራሱ መስመር ይምጣ። ላይሰንሱ የሚመዘገብበት ኢሜልና የሰርቨሩ ዋና የይለፍ ቃል የድርጅቱ ይሁን፣ የጫኚው አይሁን፤ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።